ስንዴና ወተት የተከለከለ ልጅ ሆዱ ሲደርቅ፦ የትኛው መፍትሔ ይቅደም?

ባሕር ዳር ውስጥ አንድ ልጅ ከስንዴና ከገብስ ይከልከል ሲባል ዳቦው፣ በሶው፣ ቂንጬውና የገብስ ገንፎው በአንድ ቀን ከቤት ይወጣሉ። በቦታቸው ምን እንደሚገባ ለማወቅ ጠንቋይ መቀለብ አያሻም፤ የፎገራ ሩዝ ነው። ቅርባችን ይመረታል፣ ቶሎ ይበስላል፣ ልጅም አይነጫነጭበትም። ወተትም አብሮ ከታገደ ቁርሱ እንቁላል፣ ምሳው ሩዝ በመረቅ፣ እራቱ የተቀቀለ ሥጋ ወይም ቆሮሶ የተባለው የጣና ዓሣ ይሆናል። አንዱም መጥፎ ምግብ አይደለም። ችግሩ ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላልና መረቅ ውስጥ አሰር፣ ብዙዎች ፋይበር የሚሉት፣ አንጀት ሳይፈጨው ወርዶ ሰገራን የሚያለሰልሰው የእህልና የአትክልት ክፍል፣ ፈጽሞ አለመኖሩ ነው። መቶ ግራም የበሰለ ነጭ ሩዝ ውስጥ ያለውም ግማሽ ግራም አይሞላም። ብዙም ሳይቆይ ልጁ ሽንት ቤት መሄድ ይፈራል፤ ወላጅም ለጤናው ብሎ የጀመረው ምግብ ሌላ ሕመም ያመጣ ይመስለዋል።

ከዚህ በኋላ ምክር ይጎርፋል። አንዱ ፓፓያ ይላል፣ ሌላው ተልባ፣ ሌላው ከፋርማሲ ሽሮፕ፣ አያት ደግሞ የጉሎ ዘይት። ሁሉንም በአንድ ሳምንት ከመሞከር የትኛው ለምን እንደሚሆንና በምን ቅደም ተከተል እንደሚመጣ ለይቶ መጀመር ይሻላል።

ክልከላውን ያዘዘው ማን ነው?

ምርጫው የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ ምን መልሰን ማብላት እንደምንችል የሚወስነው እሱ ነውና።

በሐኪም ተረጋግጦ ሴሊያክ የተባለው፣ በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን የሚባል ፕሮቲን አንጀትን የሚጎዳበት ሕመም ያለበት ልጅ ስንዴና ገብስ ዕድሜ ልኩን አይነካም። «ትንሽ ብትቀምስ ምን ትሆናለህ» የሚባል ነገር የለም። ሕመሙ ራሱ አንዳንድ ልጆች ላይ በተቅማጥ ፋንታ በድርቀት ይገለጣል። ስለዚህ ስንዴ ከቆመ በኋላም ድርቀቱ ከቀጠለ ስንዴው በሆነ ቀዳዳ ሾልኮ እየገባ እንዳይሆን መፈተሽ ያስፈልጋል። ዋናው ቀዳዳ ወፍጮ ቤት ነው። ከእርስዎ በፊት ስንዴ ያስፈጨ ሰው ካለ፣ ድንጋዩ መሐል የቀረው ዱቄት ከእርስዎ ጤፍ ጋር ይወርዳል። ጤፍ አስፈጭቶ የወጣ ሰው ተከትሎ መግባት፣ አለዚያም የመጀመሪያውን አንድ ሁለት ኪሎ ለሌላው ቤተሰብ ለይቶ ማስቀመጥ ጥሩ ዘዴ ነው። ከመንገድ የሚገዛ እንጀራም ምን እንደተቀላቀለበት አይታወቅም። ሩዝ ከሆነ አይጎዳውም፤ ስንዴ ወይም ገብስ ከሆነ ግን ሁሉን ያፈርሳል።

ሁለተኛው ወገን ወተት ብቻ የተከለከለ ልጅ ነው። ድርቀቱ በመድኃኒት አልለቅ ሲል የላም ወተት ለተወሰነ ጊዜ ቢቆም ለውጥ የሚያሳዩ ልጆች ስላሉ ሐኪሞች ሙከራውን ያዛሉ። ሙከራው ግን ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ነው። ለውጥ ካልታየ ወተቱ ይመለሳል። ብዙ ቤት የማየው ስሕተት የሙከራው ማብቂያ ቀን መረሳቱ ነው፤ ልጁ በከንቱ ዓመት ሙሉ ወተት፣ እርጎና አይብ ሳያይ ይከርማል።

የሚጥል በሽታን ለመቆጣጠር ስብ የበዛበት፣ ስኳርና እህል እጅግ የቀነሰ ኬቶጀኒክ የተባለ አመጋገብ የታዘዘላቸው ልጆችም አሉ። እዚያ ላይ ድርቀት የተለመደ የጎንዮሽ ችግር ነው። ፍራፍሬ ልጨምር፣ ሽሮፕ ልስጥ ብሎ በራስ መወሰን ግን አይቻልም፤ አንድ ብርጭቆ ጭማቂ የአመጋገቡን ሚዛን ሊያናጋ ይችላል። ለእነዚህ ልጆች ከዚህ በታች የምለው ሁሉ አመጋገቡን በሚከታተለው ሐኪም በኩል ይለፍ።

አራተኛው ወገን ነው በቁጥር የበዛው፤ ከስልክ ላይ ወይም ከዘመድ የተሰማ «አንጀት የሚጠግን» አመጋገብ። ጋፕስ በሚል ስም የሚታወቀውን ጨምሮ እነዚህ አመጋገቦች እህልን ሁሉ፣ ድንችን፣ ስኳርንና መጀመሪያ ላይ ወተትንም አውጥተው በመረቅ፣ በተቀቀለ ሥጋና በጥቂት አትክልት ይጀምራሉ። ኦቲዝም ወይም የማይድን የሚመስል የቆዳ ችግር ያለበት ልጅ የያዘ ወላጅ ለምን እንደሚሞክራቸው ይገባኛል፤ ማንም ሰው እጁን አጣጥፎ መቀመጥ አይወድም። ይፈውሳሉ የሚያሰኝ በቂ ማስረጃ ግን የላቸውም፤ በማደግ ላይ ላለ ልጅም ከባድ ናቸው። ሐኪም ያላዘዘው ክልከላ ከሆነ ድርቀቱ ራሱ ክልከላውን ለማላላት በቂ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ። ሌላም ነገር አለ፦ ልጁ ሴሊያክ ይኖርበት እንደሆነ ገና ካልተመረመረ ስንዴን አስቀድሞ ማቆም የደም ምርመራውን ሊያሳስት ይችላል። ምርመራው ስንዴ እየበላ ሳለ ይደረግ፣ ከዚያ በኋላ ይቁም።

ድርቀት ነው ወይስ አይደለም?

በየቀኑ ሽንት ቤት አለመሄድ ብቻውን ድርቀት አይባልም። በሳምንት ሁለት ጊዜ ወይም ከዚያ በታች የሚወጣ፣ ደርቆ የሚያሳምም፣ ወይም ከልጁ አካል ጋር የማይመጣጠን ትልቅ ሰገራ ሲሆን ግን ድርቀት ነው።

ወላጅን የሚያሳስቱ ሁለት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው የልጁ አቋቋም ነው። ልጁ ጨዋታውን ትቶ በሩ ጥግ ይቆማል፤ እግሮቹን ያጣብቃል፣ በጣቶቹ ጫፍ ይነሣል፣ ፊቱ ይቀላል፣ የመጋረጃውን ጫፍ ጨምድዶ ይይዛል። እናት «እያማጠ ነው፣ ምስኪን፣ እምቢ አለው» ትላለች። እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው፤ ልጁ እየገፋ ሳይሆን እንዳይወጣ እየያዘ ነው። አንድ ቀን አሞት ነበር፤ ያንን ሕመም ላለመድገም ይይዘዋል፣ በያዘው ቁጥር ሰገራው ይበልጥ ይደርቃል፣ ሲወጣ ይበልጥ ያመዋል። የልጆች ድርቀት አብዛኛው የሚሽከረከረው በዚህ ውስጥ ነው።

ሁለተኛው የውስጥ ሱሪ ላይ የሚታይ ቀጭን ፈሳሽ ነው። የደረቀው ሰገራ መውጫውን ሲዘጋ ከላይ ያለው ቀጭኑ በጎኑ እየሾለከ ያመልጣል። ልጁ አያውቀውም፣ ሊቆጣጠረውም አይችልም። ቤተሰቡ ተቅማጥ ነው ብሎ የሩዝ ውሃና ሙዝ ይሰጠዋል፣ አትክልቱን ያቆማል፤ ነገሩ ይብስበታል። በዚህ ምክንያት ልጅን መግረፍ ወይም ማሸማቀቅ ትልቅ በደል ነው።

ምግብ ወይስ መድኃኒት?

ሰው የሚከራከረው እዚህ ላይ ነው፤ የእኔ አቋም ግልጽ ነው። ሰገራው ገና መጠንከር ከጀመረና ልጁ ብዙ ካልተሠቃየ ምግቡን አስተካክሎ አንድ ሁለት ሳምንት ማየት ይቻላል። ከታች ተጠራቅሞ ከተዘጋ ግን፣ ሆዱ በግራ በኩል ሲነካ የሚቆረቁር ነገር ካለ ወይም ሱሪው ላይ ፈሳሽ ከታየ፣ በምግብ መጀመር ድካም ብቻ ነው። ቦዩ በድንጋይ ተዘግቶ ሳለ ከላይ ውሃና አፈር ቢጨምሩበት ሜዳውን ያጥለቀልቃል እንጂ አይከፈትም። አሰር የበዛበት ምግብ የተዘጋን አይከፍትም፤ የተከፈተው ተመልሶ እንዳይዘጋ ነው የሚረዳው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ማጽዳት፣ ከዚያ ለረጅም ጊዜ አለስልሶ ማቆየት፣ ከጎኑ ምግብና የሽንት ቤት ልምድ ነው።

ከፋርማሲ ከሚገኙት ውስጥ ሁለቱን ማነጻጸር ይበቃል። የመጀመሪያው ፖሊኢቲሊን ግላይኮል የተባለው ዱቄት ነው፤ በውሃ ይበጠበጣል፣ ጣዕሙ እምብዛም አይሰማም፣ ስኳር የለበትም፣ ውሃን ይዞ እስከ ታች በመውረድ ሰገራውን ያለሰልሳል። የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ የሕፃናት የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች ማኅበራት በ2014 በፈረንጆች አቆጣጠር ባወጡት የጋራ መመሪያ ለማጽዳትም ለማቆየትም ያስቀደሙት እሱን ነው። ለማጽዳት በአንድ ኪሎ ክብደት ከ1 እስከ 1.5 ግራም በቀን፣ ከሦስት እስከ ስድስት ቀን፤ ለማቆየት ደግሞ በኪሎ ከ0.2 እስከ 0.8 ግራም ነው የሚሉት። ይህን የምጽፈው የታዘዘልዎትን ማመሳከር እንዲችሉ እንጂ ራስዎ እንዲያዝዙ አይደለም። ማጽዳት ያለ ሐኪም አይጀመርም።

ሁለተኛው ላክቱሎስ ነው። ጣፋጭ ሽሮፕ ስለሆነ ልጆች ይቀበሉታል፤ ዱቄቱ ካልተገኘ መመሪያው ራሱ ወደ እሱ ይመራል። ጉድለቱ ሆድ መንፋቱና ጋዝ ማብዛቱ ነው፤ ሥራውን ለመጀመርም እስከ ሁለት ቀን ይወስዳል። ወላጅ በማግሥቱ «አልሠራም» ብሎ ጠርሙሱን መደርደሪያ ላይ የሚያስቀምጠው ይህን ስለማይነገረው ነው። ወተት የተከለከለባቸው ቤቶች ደግሞ ከወተት ስኳር የሚሠራ መሆኑን ሰምተው ይፈሩታል። ላክቱሎስ የወተት ፕሮቲን አይደለም፤ በውስጡ ግን ጥቂት ላክቶስና ጋላክቶስ ይቀራል። ጋላክቶሴሚያ የሚባል የውርስ ችግር ላለበት ልጅ አይሰጥም፤ ከባድ የወተት አለርጂ ካለ ደግሞ ሐኪሙ አስቀድሞ ይወቅ። ኬቶጀኒክ ላይ ላለ ልጅ ስኳር የሌለው ዱቄት እንደሚሻል ግልጽ ነው።

ስለ ሁለቱም የሚነሣው ፍርሃት «አንጀቱን ያሰንፋል፣ ሱስ ይሆንበታል» የሚለው ነው። አያሰንፉም። ለወራት ተወጥሮ የቆየ የታችኛው አንጀት ስሜቱ ይደነዝዛል፤ ወደ መጠኑ ለመመለስ ጊዜ ይፈልጋል። መድኃኒቱ ቢያንስ ሁለት ወር የሚቆየውም ለዚህ ነው። ሰገራው እንደለሰለሰ በሳምንቱ ማቆም ለዳግም ድርቀት ዋናው ምክንያት ይመስለኛል።

ቢሳኮዲል የተባለችው እንክብል ርካሽ ናት፣ በቀላሉም ትገኛለች። አንጀትን ቆንጥጣ የምታስነሣ ስለሆነች ሐኪም ሲያዝ ለጥቂት ቀናት ትጠቅማለች እንጂ የልጅ የዘወትር መድኃኒት አይደለችም። ተፈጭታ ወይም ከወተት ጋር አትሰጥም፤ ሽፋኗ ከተሰበረ ጨጓራን ትቆጣለች።

በፊንጢጣ የሚገባው የግሊሰሪን ማስገቢያ በግማሽ ሰዓት ገደማ ይሠራል። ልጁ ዛሬ ማታ እያለቀሰ ከሆነ ያሳርፈዋል። ነገ ከነገ ወዲያም ያው ከሆነ ግን ፍርሃቱን ያባብሳል፤ ከዚያ አካባቢ የሚመጣ ነገር ሁሉ ሕመም ነው ብሎ ያምናልና። በጋፕስ ተከታዮች ዘንድ የሚመከረው፣ በፊንጢጣ ፈሳሽ በማስገባት የሚደረገው እጥበትም በዚሁ ይመዘናል። እጥበት የተዘጋን በማጽዳት ከሚዋጠው መድኃኒት አያንስም፤ ግን ያው ውጤት በአፍ ከተገኘ ልጅን ይዞ መታገል ምን ያደርጋል? በፎስፌት የሚደረገው እጥበት ደግሞ በትንንሽ ልጆችና የኩላሊት ችግር ባለባቸው ላይ የደም ጨዎችን እስከ ማዛባት ስለሚደርስ ቤት ውስጥ አይሞከርም።

ከገበያ ምን ይገዛ?

አሁን ወደ ቅዳሜ ገበያ እንውጣ። አንድ ልጅ በቀን የሚያስፈልገውን አሰር በግርድፉ ለማስላት ዕድሜው ላይ አምስት መደመር ይበቃል፤ የአምስት ዓመት ልጅ አሥር ግራም ያህል ይፈልጋል ማለት ነው። ከዚህ በላይ መከመር ጥቅም የለውም፤ ሆዱን ይነፋዋል እንጂ።

ሰው ሁሉ የሚሮጠው ወደ ፓፓያ ነው። ፓፓያ ጥሩ ነው፣ ውሃ አለው፣ ለስላሳ ነው፤ ስሙ ግን ከሥራው ይበልጣል። መቶ ግራሙ ውስጥ ያለው አሰር ሁለት ግራም አይሞላም፤ ማንጎም እንዲሁ። በዚያው ጉልት ላይ ችላ ተብሎ የተቀመጠው ዘይቱን በመቶ ግራም አምስት ግራም ያህል አለው፤ አቮካዶ ደግሞ ስድስት ተኩል ገደማ። ግማሽ አቮካዶና አንድ ሁለት የበሰለ ዘይቱን የአምስት ዓመቱን ልጅ የዕለት ፍላጎት ወደ መሙላቱ ያደርሳሉ። ሁለቱም ስንዴ የለባቸውም፣ ወተት የለባቸውም። አቮካዶ በብዙዎቹ የጥገና አመጋገቦች ላይ ይፈቀዳል፤ ስኳሩም ትንሽ ነው። እኔ አንድ ፍሬ ብቻ ምረጪ ብባል እሱን ነው የምመርጠው። ጭማቂ ቤት ገብቶ ከነስኳሩ «ስፕሪስ» ማዘዝ ግን ሌላ ነገር ነው። ኮክ ከደጋ ሲወርድ እሱም መልካም ነው፤ በውስጡ ያለው ሶርቢቶል የሚባል ስኳር በአንጀት ውስጥ ውሃ ይይዛል።

ከአትክልት ጎመንና ቀይ ሥር በደህና ያስኬዳሉ። ዱባ ለምላስና ለጨጓራ የሚስማማ፣ ልጅ የሚወደው ነው፤ አሰሩ ግን እንደሚወራለት አይደለም። ስኳር ድንች ከነልጣጩ ተቀቅሎ ይሻላል፣ በእርግጥ እህልና ስራስር በሚከለክሉት አመጋገቦች አይፈቀድም።

ስንዴ ብቻ ለተከለከለ ልጅ ከሁሉ በላይ የምለው ግን ሩዙን ቀንሱ ነው። ጤፍ ግሉተን የለውም፤ መቶ ግራም የጤፍ ዱቄት ውስጥ ስምንት ግራም ያህል አሰር አለ። ዳጉሳና ማሽላም ግሉተን የላቸውም፤ የጎጃም ሰው የዳጉሳ እንጀራን ከጥንት ያውቀዋል። ምስርና ሽሮ ሲጨመሩበት ነገሩ ተሟላ። ነጭ ምሳ ነው ያማረው የሚል አስተሳሰብ ካለን እዚህ ላይ እንተወው። «ከስንዴ የጸዳ» ተብለው ከውጭ የሚመጡ ብስኩቶችም በአብዛኛው የሩዝና የበቆሎ ስታርች ናቸው፤ ዋጋቸው ብዙ፣ አሰራቸው ትንሽ።

ተልባ ለብቻው ሊወራለት ይገባል። ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ የሚለው ተረት ተልባን ቢንቀውም፣ በመቶ ግራም ሃያ ሰባት ግራም አሰር የያዘ ሌላ እህል ከጓዳችን ብዙ አይገኝም። አሠራሩ ላይ ነው የምንስተው። ተልባው ተበጥሮ በለዘብተኛ እሳት ይታመሳል፤ መንጣጣት ሲጀምርና ሽታው ሲያውድ ወዲያው ይወርዳል፣ ከጠቆረ ይመራል። ከዚያ ይወቀጣል። ለመጠጥ የለመድነው በጥብጦ ማጥለል ነው፤ ሲጠለል ልጋጉ ይወርዳል፣ ገለባው ወንፊቱ ላይ ይቀራል። ለድርቀት ሲሆን ገለባውም ይፈለጋልና አይጠለል። ሳይፈጭ ከተዋጠ ደግሞ እንደገባ ይወጣል። በአንድ የሻይ ማንኪያ ተጀምሮ፣ ልጁ ከለመደው ቀስ በቀስ እስከ አንድ የሾርባ ማንኪያ ይደርሳል፤ ሁልጊዜም ከሙሉ ብርጭቆ ውሃ ጋር። ውሃ ሲያጥረው ተልባ ራሱ ተቋጥሮ ይዘጋል። ስለዚህ መውጫው ለተዘጋ ልጅ፣ ለመዋጥ ለሚቸገር ወይም ውሃ አልጠጣም ለሚል ልጅ አይሰጥ። መድኃኒት የሚወስድ ልጅ ካለ ደግሞ በሁለቱ መካከል ሁለት ሰዓት ያህል ይቆይ። ማር የሚጨምርበት ሰው ልጁ አንድ ዓመት ማለፉን ያረጋግጥ። እህልን የሚከለክሉ የጥገና አመጋገቦች መጀመሪያ ላይ ተልባን አይፈቅዱም፤ እዚያ ቤት አቮካዶውና መድኃኒቱ ይቀራሉ።

ውሃ ላይ ብዙ አልቆይም። ከአራት እስከ ስምንት ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከአንድ ሊትር እስከ አንድ ሊትር ከአራት መቶ የሚጠጣ ነገር ይበቃዋል፤ የባሕር ዳር የመጋቢትና የሚያዝያ ሙቀት ሲመጣ ወደ ላይኛው ይጠጋል። መረቅም ይቆጠራል። ከሚበቃው በላይ ማጠጣት ድርቀትን አይፈታም፤ ሽንት ነው የሚያበዛው። የደም ማነስ ሽሮፕ ወይም ወተት ስለቀረ የካልሲየም እንክብል የሚወስድ ልጅ ካለ ሁለቱም እንደሚያደርቁ ለሐኪሙ ያስታውሱ።

የአያቶች መድኃኒት

«ጉሎ ዘይት አጠጪው፣ ልጄ፤ እኛስ በምን ያደግን ይመስልሻል?» ትላለች አያት፣ ጠርሙሱን ከነጠላዋ ሥር እያወጣች። «እማማ፣ እሱማ ያጣድፈዋል፤ ነገ ደግሞ ይፈራል» ማለት ከባድ ነው፣ ግን መባል አለበት። የጉሎ ዘይት አንጀትን በኃይል ቆርጦ ያስቀምጣል፤ ውሃና ጨው ያሳጣል፣ በማግሥቱም አንጀቱ ባዶ ስለሚሆን ልጁ እንደገና የደረቀ ይመስላል። ሕመምን ፈርቶ የሚይዝን ልጅ በሌላ ቁርጠት ማከም አያዋጣም።

ኮሶ ደግሞ ለዚህ ጭራሽ አይታሰብ። የኮሶ ትል መድኃኒት ነው እንጂ የድርቀት አይደለም፤ መጠኑ ሲያልፍ በዓይን ላይ ጉዳት ማድረሱ በሕክምና ተመዝግቧል። ሳሙና ቀርጾ በፊንጢጣ መክተትም የተለመደ ነው፤ ይሠራል፣ ምክንያቱም ያቃጥላል። የሚያቃጥል ነገር ደግሞ እዚያ ቦታ ላይ አንፈልግም።

የአያቶችን ነገር ሁሉ መጣል ግን አይገባም። ልጅን ከቁርስ በኋላ ቁጢጥ አድርጎ ማስቀመጥ የእነሱ ልማድ ነው፤ የዛሬ ሐኪሞችም የሚሉት ይህንኑ ነው። ምግብ ጨጓራ ሲገባ አንጀት በራሱ ይንቀሳቀሳልና ከምግብ በኋላ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ መቀመጥ ብዙ ያግዛል። ፖፖ ላይ ለሚቀመጥ ትንሽ ልጅ ችግር የለም። በፈረንጅ መቀመጫ ላይ እግሩ ተንጠልጥሎ ለሚቀመጠው ግን መግፋት ከባድ ነው፤ ጉልበቱ ከዳሌው ከፍ እንዲል በርጩማ ከእግሩ ሥር ይደረግለት። ቁጢጥ የሚያስብል የቆየ ሽንት ቤት ያለው ቤት በዚህ ረገድ የተሻለ ነው። ትምህርት ቤት የሚውል ልጅ የእዚያን ሽንት ቤት ጠልቶ እስከ ማታ የሚይዝ ከሆነ፣ ጠዋት ቁርሱን ቀደም አድርጎ ቤት ውስጥ ጊዜ መስጠት ከመምህር ጋር ከመከራከር ያነሰ ድካም ነው፤ ሁለቱንም ማድረግ ግን ይቻላል።

ክልከላው ይላላ ወይስ ይጥና?

ድርቀት ሲመጣ ብዙ ቤት የሚወስደው እርምጃ ሌላ ምግብ መጨመር ሳይሆን ሌላ ምግብ መቀነስ ነው። «እንቁላሉ ይሆናል» ይባልና እንቁላል ይቆማል፣ «ሙዙ ይሆናል» ይባላል፤ በመጨረሻ ልጁ ሦስት ዓይነት ምግብ ላይ ይቀራል። እኔ ተቃራኒውን ነው የምመክረው። ሐኪም ያላዘዘው ክልከላ ከሆነ ጤፍ እንጀራና ምስር መጀመሪያ ይመለሱ፤ ስንዴ የሌለበት ቤት እንኳ የሚከለክላቸው ምክንያት የለውም። ቀጥሎ ፍራፍሬው ከነሥጋው፣ በጭማቂ ሳይሆን። ወተት በመጨረሻ፣ በልክ፤ ብዙ ወተት ጠጥቶ ሌላ የማይበላ ልጅም ይደርቃልና። አንድ በአንድ እየመለሱ ጥቂት ቀን እያዩ መሄድ ከተባለው «ጥገና» ይበልጥ ስለ ልጁ ሆድ ያስተምራል። የጥገናውን አመጋገብ አልተውም የሚል ወላጅም ቢሆን ቢያንስ መድኃኒቱን አይከልክል። ላክቱሎሱ ወይም ዱቄቱ የአመጋገቡ ጠላት አይደለም፤ ልጁ ሳያመው ሽንት ቤት እስካልሄደ ድረስ ደግሞ የትኛውም አመጋገብ ይሠራ አይሠራ መመዘን አይቻልም።

እነዚህ ካሉ ግን ምርጫ ውስጥ አይግቡ፤ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ካስፈለገም ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ይሂዱ፦ አረንጓዴ ትውከት፣ ተወጥሮ የሚያም ሆድ፣ ትኩሳት፣ ክብደት መቀነስ ወይም አለማደግ፣ የፊንጢጣ ስንጥቅ ሳይኖር በሰገራ ላይ የሚታይ ደም፣ የእግር መስነፍ፣ ወይም ከተወለደ ጀምሮ የነበረ ድርቀት። በተለይ ሲወለድ የመጀመሪያው ጥቁር ሰገራ ከሁለት ቀን በላይ ዘግይቶ ከነበረ ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ያ ከምግብ ጋር የማይገናኝ የአንጀት ነርቭ ችግር ምልክት ሊሆን ይችላል።

መድኃኒት የጀመረ ልጅ ሲያቆም በአንድ ቀን አይደለም። ቢያንስ አንድ ወር ሳያመው፣ ሳይይዝ፣ ሱሪው ሳይቆሽሽ ከሄደ በኋላ መጠኑ ቀስ እያለ ይቀነሳል። በመቀነሱ መሐል ሰገራው እንደገና ከጠነከረ ወደ ነበረበት መጠን መመለስ እንጂ ወደ መጀመሪያው ማጽዳት መሄድ አያስፈልግም፤ ሦስትና አራት ቀን ዘግቶ እስኪገኝ ከተጠበቀ ግን ያስፈልጋል።